ፊልሙ ቶፖሎጂካል ነው፤ ከረንቱ ግን የት ነው የሚሄደው?

ጥያቄው የመጣው ከድሬዳዋ ነው። ጠያቂው የፊዚክስ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው፦

«ውጭ አገር ባለ አንድ ላብ ሦስት ወር ቆይቼ የቢስሙዝ ሴሌናይድ ስስ ፊልሞችን ለክቼ ተመለስኩ። ዋናው ፊልም ሳፋየር ላይ ያደገ፣ 60 ናኖሜትር ውፍረት ያለው ነው። የሺት ሬዚስታንሱ (የአንድ ካሬ ፊልም ሬዚስታንስ) ከክፍል ሙቀት እስከ 2 ኬልቪን ድረስ ከ520 ኦም ወደ 220 ኦም ይወርዳል። ከ10 ኬልቪን በታች ግን 0.4 ኦም ያህል መልሶ ይወጣል፤ የመሣሪያ ችግር ነው ብዬ ትቼዋለሁ። በ2 ኬልቪን ማግኔቲክ ፊልድ ስሰጠው ዜሮ አካባቢ ሹል ጫፍ ያሳያል። እስከ 2 ቴስላ ያለውን ከሂካሚ-ላርኪን-ናጋኦካ ቀመር ጋር ሳዛምደው አልፋ በመጠን 0.48፣ የፌዝ ርዝመቱ (ኤሌክትሮኑ የማዕበሉን ፌዝ ሳይረሳ የሚሄደው ርቀት) 300 ናኖሜትር ወጣልኝ። የሆል ሬዚስታንሱ በ1 ቴስላ 20.8 ኦም ነው። 10 ናኖሜትር የሆነ ሌላ ፊልምም ነበረኝ፤ 700 ኦም ስላሳየ ተበላሽቷል ብዬ አላካተትኩትም። አልፋ ግማሽ ስለሆነ ‹ከረንቱ የሚሄደው በገጹ ብቻ ነው፣ ያለ ብክነት› ብዬ ብጽፍ ትክክል ነኝ? ካልሆነስ 4 ናኖሜትር ፊልም ላስመጣ ወይስ ሚሊኬልቪን የሚወርድ ማቀዝቀዣ ያለው ላብ ልፈልግ?»

ትክክል አይደለህም። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም ስለማይወደድ «አንተ» እያልኩ እቀጥላለሁ። ፊልምህ ቶፖሎጂካል ኢንሱሌተር፣ ማለትም በንድፈ ሐሳብ ሆዱ ዘግቶ ገጹ ብቻ ከረንት የሚያሳልፍ ቁስ፣ መሆኑን አልጠራጠርም። ከረንትህ ግን በአብዛኛው የሚሄደው በፊልሙ ሆድ ውስጥ ነው። ይህን የነገሩኝ የራስህ ቁጥሮች ናቸው። ከእነሱም ውስጥ ሁለቱ አንተ የጣልካቸው ናቸው።

መጀመሪያ ስሙ ራሱ ያሳስታል። «ኢንሱሌተር» ሲባል ሆዱ ከረንት የማያሳልፍ ይመስላል። በንድፈ ሐሳብ አዎ፣ አያሳልፍም። ቢስሙዝ ሴሌናይድ 0.3 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ባንድ ጋፕ፣ ማለትም ኤሌክትሮን ሊይዘው የማይችል የኃይል ክፍተት፣ አለው። በገጹ ላይ ደግሞ አንድ የዲራክ ኮን አለ፤ ይህን ክፍተት አቋርጦ የሚያልፍ፣ ከረንት የሚሸከም የገጽ ባንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በስሌትም በፎቶኤሚሽን (በብርሃን ኤሌክትሮን አስወጥቶ ኃይሉን የመለካት) ሙከራም የታየው ይኸው ነው። ጀጎልን ገልብጠህ አስበው። ሰው ሁሉ በግንቡ ላይ ብቻ የሚመላለስበት፣ ውስጡ አንድም መተላለፊያ የሌለው ከተማ። መጽሐፉ የሚያወራው ስለዚህ ከተማ ነው። እውነተኛው ጀጎል ግን ውስጡ በጠባብ መንገድ የተሞላ ነው፤ ሰዉም የሚርመሰመሰው እዚያ ውስጥ ነው። ያንተ ፊልም የሚመስለው እውነተኛውን ጀጎል ነው።

ምክንያቱ ሴሌኒየም ነው። ሴሌኒየም በቀላሉ ይተናል። ፊልሙ ሲያድግ ቦታውን እየለቀቀ ይሄዳል፤ የተወው ባዶ ቦታ ደግሞ ኤሌክትሮን ይለግሳል። ለዚህ ነው ፊልም አሳዳጊዎች ከቢስሙዙ በብዙ እጥፍ የበለጠ ሴሌኒየም የሚያዘንቡበት። እንደዚያም ተደርጎ ክፍተቱ ሙሉ በሙሉ አይደፈንም። ባዶ ቦታው ሲበዛ ፌርሚ ሌቭሉ (ኤሌክትሮኖቹ የሞሉበት ከፍታ) ከጋፑ ወጥቶ ኮንዳክሽን ባንድ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ «ኢንሱሌተር» የሚለው ስም ወረቀት ላይ ብቻ ነው ያለው።

ቁጭ ብለን እንቁጠር። የሆል ሬዚስታንስ ኤሌክትሮን መቁጠሪያ ነው፤ በ1 ቴስላ 20.8 ኦም ማለት በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ወደ 30 ትሪሊዮን ኤሌክትሮን ማለት ነው። የገጹ ኮን ደግሞ ስንት መያዝ ይችላል? የሆዱ ኮንዳክሽን ባንድ ሳይነካ አንዱ ገጽ የሚይዘው በግምት ከ3 እስከ 5 ትሪሊዮን ነው። የላዩንና የታቹን ደምረህ በጣም ብትለጥጠው 10 ትሪሊዮን። ታዲያ የቀሩት 20 ትሪሊዮን የት ናቸው? ሆድ ውስጥ ናቸው፤ ሌላ የሚሄዱበት የለም። «የሆል ቁጥሬ ስህተት ቢኖርበትስ?» ካልክ፣ ስህተቱ የሚጎዳው አንተኑ ነው። ሁሉም ተሸካሚዎች ኤሌክትሮን ሆነው ፍጥነታቸው ሲለያይ፣ በትንሽ ፊልድ የሚለካው የሆል ቁጥር ከእውነተኛው ድምር ያንሳል እንጂ አይበልጥም። ስለዚህ 30 ትሪሊዮን ዝቅተኛው ግምት ነው። በነገራችን ላይ 20.8ን ለ220 ስታካፍል ሞቢሊቲው (የኤሌክትሮኑ የመንቀሳቀስ ቅልጥፍና) ወደ 945 ካሬ ሴንቲሜትር በቮልት ሴኮንድ ይመጣል። ለሳፋየር ላይ ፊልም የሚያሳፍር አይደለም። ፊልሙ ጥሩ ነው፤ የተሳሳተው የሰጠኸው ትርጉም ነው።

አሁን የሙቀቱን ነገር እንይ። ሬዚስታንሱ ሲቀዘቅዝ መውረዱ ገጹን አያሳይም። የመዳብ ሽቦም ሲቀዘቅዝ ይወርዳል። ሆዱ በኤሌክትሮን የተሞላ ማንኛውም ሴሚኮንዳክተር እንደ ብረት ነው የሚሆነው፤ ሲቀዘቅዝ የክሪስታሉ ንዝረት ይቀንሳል፣ ኤሌክትሮኑ በቀላሉ ያልፋል። ሚሊኬልቪን የሚወርድ ማቀዝቀዣም አያድንህም። ሲሊኮን ላይ እንደምናውቀው ኤሌክትሮኖቹ ሲቀዘቅዙ ወደ እናት አተማቸው ተመልሰው የሚተኙ ቢሆን ኖሮ ይሠራ ነበር። እዚህ ግን በአንድ ኩቢክ ሴንቲሜትር 5 ጊዜ 10 ኃይል 18 ያህል ናቸው። ተጠጋግተው፣ ተደራርበው፣ የጋራ ባንድ ሠርተዋል። የፈለከውን ያህል ብታቀዘቅዛቸው አይተኙም። በብዙ ደጅ ጥናት የተገኘ የማቀዝቀዣ ተራ ይህንኑ ቁጥር መልሶ ይሰጥሃል።

ወደ አልፋው እንምጣ። በጣም የተማመንከው በሱ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

ያ ሹል ጫፍ ዊክ አንቲሎካላይዜሽን ይባላል። ኤሌክትሮን በማዕበልነቱ አንድን ዙር መንገድ በሁለት አቅጣጫ ዞሮ ከራሱ ጋር ይገናኛል። ስፒኑ ከአቅጣጫው ጋር ጠብቆ ሲታሰር ሁለቱ ማዕበሎች ይጠፋፋሉ፤ ኤሌክትሮኑ ወደመጣበት የመመለስ ዕድሉ ይቀንሳል፤ ኮንዳክታንሱ ይጨምራል። ማግኔቲክ ፊልድ ይህን ስምምነት ያፈርሰዋል። ጫፉ የሚመጣው ከዚያ ነው። ቀመሩ በአልፋ ውስጥ ለእያንዳንዱ ራሱን የቻለ መስመር ግማሽ ይቆጥራል። አንድ ገጽ ግማሽ፣ ሁለት የማይገናኙ ገጾች አንድ። አንተም «ግማሽ አገኘሁ፣ ስለዚህ ገጽ ነው» አልክ።

ችግሩ፣ ቀመሩ የሚቆጥረው የመስመር ብዛት እንጂ መስመሩ የት እንዳለ አይደለም። ያንተው ከተማ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ከዚራና መጋላ የተባሉት ሰፈሮች በደቻቱ ወንዝ ይለያያሉ። ደቻቱ ደርቆ አሸዋ በሆነበት ጊዜ ሰው በፈለገው በኩል ይሻገራል። ጠዋት መጋላ ገበያ ውሎ ከሰዓት ከዚራ ጥላ ሥር ሻይ ይጠጣል። ከላይ ሆኖ የሚቆጥር ሰው ቢኖር «አንድ ከተማ» ይላል። ጎርፍ ሞልቶ ድልድዩም ቢዘጋ ግን ከዚራ ለብቻዋ፣ መጋላ ለብቻዋ ነው፤ ቆጣሪው «ሁለት» ይላል። የላዩ ገጽህ ከዚራ፣ የታቹ መጋላ፣ ሆዱ ደቻቱ ነው እንበል። ሆዱ ከረንት የሚያሳልፍ ከሆነ ኤሌክትሮኑ ፌዙን ሳይረሳ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ይመላለሳል። ሦስቱ ተቀላቅለው አንድ መስመር ይሆናሉ። አልፋም ግማሽ።

ያንተ የፌዝ ርዝመት 300 ናኖሜትር ነው። ፊልሙ 60 ነው። ኤሌክትሮኑ የመጣበትን ሳይረሳ ፊልሙን ደጋግሞ መሻገር ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ 0.48 «ደቻቱ ደርቋል» ነው ያለህ እንጂ «ሁሉም ከዚራ ነው ያለው» አላለህም። እንዲያውም ገጹ ጭራሽ ባይኖርና ሆዱ ብቻ ቢኖር፣ ስፒን-ኦርቢት ትስስሩ ጠንካራ እስከሆነ ድረስ ያው ግማሽ ይወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጡ የጌት (ከፊልሙ አጠገብ ባለ ኤሌክትሮድ ቮልቴጅ ኤሌክትሮን የሚገፋበት) ሙከራዎችን ብታይ ነገሩ ግልጽ ነው። ኤሌክትሮኖቹ በጌት ቮልቴጅ ተገፍተው ሲወጡና ገጾቹ ሲለያዩ አልፋ ከግማሽ ወደ አንድ ይሄዳል። ገጽ እንዳለህ በጥቂቱም ቢሆን የሚጠቁመው ወደ አንድ መሄዱ ነው፤ አንተ ደግሞ በግማሹ ተደሰትክ።

ልወቅስህ አይደለም። እኔም በመጀመሪያው ዓመቴ አልፋ 0.5 አግኝቼ ግራፉን በቀለም አትሜ ለአማካሪዬ ወሰድኩ። እሱ ግራፉን እንኳ ቀና ብሎ አላየውም። «ሆሉ ስንት ነው?» አለኝ። አልለካሁትም ነበር። አንተ ቢያንስ ለክተሃል።

ሌላም አለ። እስከ 2 ቴስላ ማዛመድህ ራሱ ልክ አይደለም። ያቀለልነው የቀመሩ ቅርጽ የሚሠራው ፊልዱ ከአንድ ወሰን በታች ሲሆን ነው። ያ ወሰን የሚመጣው ኤሌክትሮኑ ሳይጋጭ ከሚሄደው ርቀት ነው። ካንተ ቁጥሮች ሳሰላው ርቀቱ ወደ 33 ናኖሜትር፣ ወሰኑም ወደ 0.15 ቴስላ ይመጣል። ከዚያ በላይ ያለው ዳታ የተራ ማግኔቶሬዚስታንስ ድርሻ ተቀላቅሎበታል። ቀመሩ ደግሞ እሱንም በግድ ወደ አልፋ ይጠቀጥቀዋል። እስከ 0.1 ቴስላ ብቻ ቆርጠህ እንደገና አዛምድ። የፌዝ ርዝመቱ 300 ከሆነ የጫፉ ስፋት 2 ሚሊቴስላ አካባቢ ስለሆነ በቂ ቦታ አለህ። 0.48 ባለበት ከቆመ ጥሩ። ወደ 0.3 ወይም 0.7 ከዘለለ፣ መጀመሪያ የያዝከው ቁጥር የቀመሩ ሳይሆን የመረጥከው ወሰን ውጤት ነበር።

መሣሪያው ላይ የለጠፍከው 0.4 ኦም የመሣሪያው ጥፋት አይደለም። አንቲሎካላይዜሽን ብቻውን ቢሆን ሬዚስታንሱ ሲቀዘቅዝ መውረዱን ይቀጥል ነበር። ያንተው ግን ወጣ። እንዲህ የሚያደርገው የኤሌክትሮን ከኤሌክትሮን መገፋፋት ነው። በስስ ፊልም ውስጥ፣ ቆሻሻ ባለበት፣ ይህ መገፋፋት ኮንዳክታንሱን በሙቀት ሎጋሪዝም ልክ ይቀንሰዋል። የሁለቱ ልዩነት ነው የሚታየው። መጠኑን አሰላሁት፤ ከ10 እስከ 2 ኬልቪን 0.4 ኦም ከሚጠበቀው ጋር በደንብ ይሄዳል። ያንኑ ልኬት ግማሽ ቴስላ ወይም 1 ቴስላ ፊልድ ላይ የወሰድክበት ዳታ ካለህ ፈልግ። ፊልዱ አንቲሎካላይዜሽኑን ያጠፋዋል፣ መገፋፋቱን ግን ብዙም አይነካውም። ስለዚህ መውጣቱ ይበልጥ ገደል መሆን አለበት። በሁለቱ ቁልቁለቶች መካከል ያለው ልዩነት አልፋህን በሌላ በር ያረጋግጥልሃል። ለአንድ ቴሲስ ሙሉ ምዕራፍ የሚሆን ነገር ነው የጣልከው፤ አቦ!

«ያለ ብክነት» የሚለውን ደግሞ ዛሬውኑ ሰርዘው። የቶፖሎጂካል ኢንሱሌተር ገጽ ሬዚስታንስ አለው። የተከለከለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልክ 180 ዲግሪ ዞሮ መመለስ። ዩ-ተርን የተከለከለበት መንገድ ላይ ያለ ባጃጅ አስብ። ዩ-ተርን ባይፈቀድለትም ግራም ቀኝም ይታጠፋል፣ ሰፈሩን ይዞራል፣ ዘግይቶ ይደርሳል። ነዳጁም ያልቃል። ያለ ብክነት የሚሄደው ሌላ ነገር ነው፤ የአንድ አቅጣጫ ጠርዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ቤጂንግ ላይ በፅንኋ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ቡድን ክሮሚየም የተጨመረበት የቢስሙዝ-አንቲሞኒ ቴሉራይድ ስስ ፊልም ላይ ያሳየው እሱን ነው። 30 ሚሊኬልቪን ላይ፣ ውጭ ፊልድ ሳይኖር፣ የሆል ሬዚስታንሱ 25,812.8 ኦም ላይ ቆመ። ያ ፊልም ማግኔት ነው፣ ሆዱም ዝም ብሏል። ያንተ ሁለቱንም አይደለም።

አሁን ወደ ወርቁ። 10 ናኖሜትሩ ፊልም።

700 ኦም ስላሳየ ተበላሽቷል አልክ። ቀጭን ፊልም ሬዚስታንሱ ቢጨምር ምን ይገርማል? ዋናው ጥያቄ ስንት እጥፍ ጨመረ የሚለው ነው። ከረንቱ ሁሉ በሆድ ቢሄድ ኖሮ ውፍረቱ በ6 ሲቀንስ ሬዚስታንሱ በ6 መባዛት ነበረበት፤ 1,320 ኦም። ከረንቱ ሁሉ በገጽ ቢሄድ ደግሞ ውፍረት ምንም ለውጥ አያመጣም፤ 220 ኦም። ያንተ 700 ነው፤ በመሃል። ወደ ኮንዳክታንስ ለውጠው። 60 ናኖሜትሩ 4.55 ሚሊሲመንስ፣ 10 ናኖሜትሩ 1.43። ሁለቱን ነጥቦች በመስመር አገናኛቸውና ውፍረቱ ዜሮ የሚሆንበትን ቦታ አንብብ። ወደ 0.8 ሚሊሲመንስ ይመጣል። ይህ ከውፍረት ጋር የማይለዋወጠው ድርሻ ነው። በ60ው ፊልም ውስጥ 18 ከመቶ ያህል ነው፤ በ10ሩ ውስጥ ከግማሽ በላይ። ስለ ገጽ የሚናገር ነገር ያለህ እዚህ ነው፤ መሳቢያ ውስጥ የከተትከው።

ሦስት ነገር ግን ተጠንቀቅ። አንደኛ፣ ሁለት ነጥብ ሁልጊዜ መስመር ይሠራል። ውሸትም ቢሆን ይሠራል። ቢያንስ አራት ውፍረት ያስፈልግሃል። ሁለተኛ፣ ቀጭን ፊልም ውስጥ ኤሌክትሮኑ ከድንበሩ ጋር ይበልጥ ስለሚጋጭ ሞቢሊቲው ይወርዳል፤ የእያንዳንዱን ፊልም ሆል ሳትለካ መስመሩን አትመን። ሦስተኛው በጣም የሚረሳው ነው። ከውፍረት ጋር የማይለዋወጥ ሁሉ ቶፖሎጂካል አይደለም። በቢስሙዝ ሴሌናይድ ገጽ ሥር ባንዱ ወደ ታች ይታጠፍና ተራ የሆነ፣ ሁለት ዳይሜንሽናል የኤሌክትሮን ንጣፍ ይፈጠራል። እሱም ገጽ ላይ ነው፣ እሱም ከውፍረት ጋር አይለወጥም፣ ግን ከዲራክ ኮኑ ጋር ዝምድና የለውም። የራትገርስ ዩኒቨርሲቲ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2012 እንዲህ ዓይነት የውፍረት ተከታታይ ሠርቶ ከውፍረት ጋር የማይለዋወጡ ሁለት መስመሮች አግኝቷል፤ አንዱን የሰጠው ለዚሁ ተራ ንጣፍ ነው። ስለዚህ ስትጽፍ «ከውፍረት ነጻ የሆነ ድርሻ» በል እንጂ «ቶፖሎጂካል ድርሻ» አትበል።

ባንተ የትራንስፖርት (የከረንት) ልኬት ብቻ የዲራክ ኮን መኖሩን ማረጋገጥም አይቻልም። የኳንተም ኦሲሌሽን ፍለጋ አትድከም፤ በዚህ ሞቢሊቲ ኦሲሌሽኑ ለመታየት ወደ 11 ቴስላ ያስፈልገዋል። ኮኑን በዓይን የሚያሳየው ፎቶኤሚሽን ነው።

4 ናኖሜትሩን አታስመጣ። ሐሳቡ ይገባኛል፤ ሆዱን ካሳነስኩት ገጹ ይቀራል ነው። ግን የዚህ ክሪስታል አንዱ ንጣፍ አምስት የአተም ረድፍ ይዞ 1 ናኖሜትር ሊሞላ ትንሽ የሚቀረው ነው። ከ6 ንጣፍ በታች ስትወርድ የላዩና የታቹ ገጽ ማዕበሎች ይነካካሉ፤ የዲራክ ነጥቡ ይከፈትና ጋፕ ይሆናል። 4 ንጣፍ ላይ ይህ ጋፕ 0.07 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ነው። ሆዱን ሸሽተህ ገጹንም ታጣለህ። 8 እና 10 መካከል ቁም።

ታዲያ ገጹ ላይ በእውነት ለመድረስ መንገዱ ምንድን ነው? ሦስት አሉ። የመጀመሪያው ማቴሪያሉን መለወጥ ነው። ቢስሙዝ ቴሉራይድ አብዛኛውን ጊዜ ኤሌክትሮን ይበዛበታል፣ አንቲሞኒ ቴሉራይድ ደግሞ ሆል (የኤሌክትሮን ጎዶሎ ቦታ፤ ከሆል ልኬቱ ጋር ስሙ ብቻ ነው የሚመሳሰለው) ይበዛበታል። ሁለቱን በልኩ ስትቀላቅል እርስ በርስ ይካካሳሉ፤ ፌርሚ ሌቭሉ ጋፑ ውስጥ ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ብዙ ሰው የሄደበት መንገድ ነው። ሁለተኛው ጌት ነው። ስትሮንቲየም ታይታኔት ላይ ያደገ ፊልም ከሥሩ በኩል በደንብ ይገፋል፤ የዚህ ክሪስታል ዳይኤሌክትሪክ ኮንስታንት ሲቀዘቅዝ ከክፍል ሙቀቱ በብዙ እጥፍ ይጨምራል። 60 ናኖሜትር ውስጥ ያለ 30 ትሪሊዮን ግን በጌት ብቻ ተገፍቶ አያልቅም፤ ፊልሙ ቀጭንና ንጹሕ መሆን አለበት። ሦስተኛው፣ ፊልሙን በቀጥታ ሳፋየር ላይ ከማሳደግ ይልቅ ኢንዲየም የተቀላቀለበት ከረንት የማያሳልፍ ንጣፍ ከሥሩ ማንጠፍ ነው። ከታች በኩል የሚመጣውን ጉድለት በጣም ይቀንሳል፣ ግን አሳዳጊው ልምድ ያለው መሆን አለበት። ላንተ የምመርጠው የመጀመሪያውን ነው።

ድሬ ተቀምጠህ መሥራት የምትችለውም አለ። የኤሌክትሮኖቹ ብዛት በሙቀት ብዙም ስለማይለወጥ፣ የሆል ቆጠራው ፈሳሽ ሂሊየም አይጠይቅም። ሁለት ጠንካራ የኒዮዲሚየም ማግኔቶችን በብረት ቅንፍ ፊት ለፊት አስረህ በጠባብ ክፍተታቸው ግማሽ ቴስላ ያህል ታገኛለህ። 100 ማይክሮአምፔር ብትልክ የሆል ቮልቴጁ 1 ሚሊቮልት አካባቢ ነው። ደህና መልቲሜትር ያነበዋል። አንዴ ከለካህ በኋላ ፊልሙን ገልብጠህ አስገባና እንደገና ለካ፤ ሁለቱን ቀንሰህ ለሁለት አካፍል። ካላደረግክ የኮንታክቶቹ ትንሽ መዛነፍ ራሱ የሬዚስታንሱን ቁራሽ ወደ ሆሉ ያስገባብሃል።

ኮንታክት ስትሠራ ብየዳ አትጠቀም። የብየዳ ብረት ሙቀት ሴሌኒየሙን እያተነነ ባዶ ቦታውን ያበዛዋል፤ ልታጠፋው የምትሮጠውን ኤሌክትሮን በእጅህ ትጨምራለህ። ኢንዲየም በጣት ጫና መለጠፍ ወይም የብር ፔስት ይበቃል። ፊልሙን በአሲድ ለማጽዳት አትሞክር፤ መርዛማ የሃይድሮጅን ሴሌናይድ ጋዝ ሊወጣው ይችላል። ስትነካውም ጓንት አድርግ።

ስለ አየሩም አስብ። ያልተሸፈነ ቢስሙዝ ሴሌናይድ አየር ላይ ሲቀመጥ ኤሌክትሮን ይጨምራል፣ ሞቢሊቲው ይወርዳል። በፊልሞቹ መካከል የወር የዕድሜ ልዩነት ካለ የውፍረት ሳይሆን የእርጅና ተከታታይ ነው የምትለካው። አዲስ ፊልም ስታዝ ሳይወጣ በፊት እዚያው ቫኪዩም ውስጥ በሴሌኒየም እንዲሸፈን ጠይቅ።

የምመክርህ ይህን ነው። ርዕሱን ለውጥ፤ «የገጽ ትራንስፖርት» የሚለው ይውጣ። የ10 እና የ60 ናኖሜትሩን ፊልም አንድ ላይ አቅርብ። የሆል ቆጠራውን መጀመሪያ አስቀምጥ፣ አልፋውን በ0.1 ቴስላ ወሰን እንደገና አዛምደህ «ሆዱ ገጾቹን አገናኝቷል» ብለህ ተርጉመው። 0.4 ኦሙን መልሰህ አስገባ። ላቡ ሊረዳህ ፈቃደኛ ከሆነ ማቀዝቀዣም ሆነ 4 ናኖሜትር አትጠይቅ፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ያደጉ፣ የተሸፈኑ፣ 10፣ 20፣ 40 እና 60 ናኖሜትር ፊልሞችን ጠይቅ። ቀጥሎ ለሚመጣው ሥራ ደግሞ የቢስሙዝ-አንቲሞኒ ቴሉራይድ 10 ናኖሜትር ፊልም።

ያ 10 ናኖሜትሩ አሁን የት ነው ያለው? በወረቀት ፖስታ መሳቢያ ውስጥ ከሆነ በድሬ ሙቀት ላይ ነው። ዛሬውኑ አውጥተህ ሬዚስታንሱን ለካው። ወደ 700 ከሆነ የሚዘጋ ዕቃ ውስጥ ከሲሊካ ጄል ጋር አስቀምጠው። ሩቅ ከሄደ ደግሞ የድሮውን ልኬት ከነቀኑ ጻፈውና ፊልሙን እርጅናውን ለመከታተል ተጠቀምበት፤ በየሳምንቱ፣ በዚያችው ማግኔት።